እርጥቡ ከደረቁ ሲለይ፦ ከአራት ኪሎ ቁልቁል የተተከለ የቆሻሻ መለያ ጣቢያ

ይህን ጉዳይ ለምን እንደጻፍኩት

አንድ የደረቅ ቆሻሻ አሰባሳቢ ማህበር የራሱን መለያ ጣቢያ ሲተክል ንድፉን የሠራሁት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ንድፌ ሥራ በጀመረ በሦስት ሰዓት ውስጥ ቆመ። ሁለተኛው እስከ ዛሬ ይሠራል። በሁለቱ መካከል የሆነውን መጻፍ ፈለግሁ። በየክፍለ ከተማው ተመሳሳይ ሥራ ለመጀመር የሚያስቡ ማህበራት አሉ፤ እኛ የከፈልነውን ዋጋ ደግመው እንዲከፍሉ አልፈልግም። የማህበሩንም የሰዎቹንም ስም አልጠቅስም።

ዳራ

አዲስ አበባ ቆሻሻዋን ከ50 ዓመት በላይ ረጲ ላይ፣ ሁላችንም ቆሼ በምንለው ቦታ ስትከምር ኖራለች። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከማህበሩ አባላት አንዷ ያኔ ቆሼ አካባቢ ትኖር ነበር። ስለዚያ ምሽት ብዙ አታወራም። ስብሰባ ላይ ግን «ይህን መሬት ለማከማቻ አንጠቀምበትም፤ የገባው በሳምንቱ መውጣት አለበት» ብላ አጥብቃ የተከራከረችው እሷ ናት። ይህ ቃል የንድፉ የመጀመሪያ ሕግ ሆነ።

በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ እዚያው ረጲ ላይ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመርቋል። በቀን 1,400 ቶን ያህል እንዲያቃጥል የታሰበ ነው። ነገር ግን ከየቤታችን የሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚበሰብስ ነው። የጎመን ቅጠል፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የእንጀራ ትራፊ። ይህ ሁሉ ውሃ የተሸከመ ነገር ነው። ውሃ ያዘለ ቆሻሻ ደግሞ መጀመሪያ እስኪደርቅ ድረስ እሳቱን ይበላል። ስለዚህ ለማቃጠልም፣ ለመሸጥም፣ ለማበስበስም ቢሆን ጥያቄው አንድ ነው፦ እርጥቡን ከደረቁ ማን፣ የት፣ መቼ ይለየዋል?

ማህበሩ ያገኘው ቦታ ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ በሚወርደው ተዳፋት ላይ ነው። 450 ካሬ ሜትር ይሆናል። በላይ በኩል መኪና የሚገባበት መንገድ አለ፤ በታች በኩል ደግሞ የጋሪ መንገድ። በሁለቱ መካከል አራት ሜትር ያህል ከፍታ አለ። አባላቱ 34 ናቸው፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ከየቤቱ በጋሪ ይሰበስባሉ፣ ሸራ ላይ ይዘረግፋሉ፣ በእጅ ይለቅማሉ። ከሃይላንድ፣ ከካርቶንና ከጀሪካን የሚገኘው ገቢ ለአባላቱ ሲከፋፈል የሚደርሳቸው ትንሽ ነበር።

ችግሩ

ሲጠሩኝ የነገሩኝ ችግር «ማሽን የለንም» የሚል ነበር። ትክክለኛው ችግር ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ።

አንደኛ፣ ካርቶኑ እርጥብ ነበር። ከወጥ ትራፊ ጋር አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ያደረ ካርቶን ክብደቱ ይጨምራል፣ ዋጋው ግን ይወድቃል። ገዢው እርጥብ ካርቶን ሲያይ ወይ ይመልሳል ወይ ከሚዛኑ ላይ በግምት ይቀንሳል። የግምቱ ዳኛ ራሱ ገዢው ነው።

ሁለተኛ፣ ምርጡ ነገር ማህበሩ ጋ አይደርስም። ቆራሌው ቀድሞ በር ላይ ይገዛዋል። ብረት፣ መዳብ፣ ያረጀ ድስት፣ ጫማ በእሱ በኩል ወደ ምናለሽ ተራ ይሄዳል። እዚያ በርሜሉ ምድጃ፣ ጎማው በረባሶ፣ ጣሳው ኩራዝ ሆኖ ይወጣል። ይህን ሰንሰለት ማንም አላቀደውም፤ ግን ከማንኛውም ፋብሪካ በተሻለ ብረት አያባክንም። ለንድፍ ያለው ትርጉም ትልቅ ነው። ጣቢያው የሚቀበለው ቆሻሻ ቆራሌው የተወው ነው። ፈረንጆቹ ብረትና አልሙኒየም ለመያዝ የሚገነቡት ውድ መስመር እዚህ የሚይዘው ብዙ ነገር የለውም።

ሦስተኛው ቦታ፣ አራተኛው መብራት ነው። ስለ መብራት ማብራራት አያስፈልግም።

የመጀመሪያው ንድፍ

ኢንተርኔት ላይ ያየኋቸውን የአውሮፓ ጣቢያዎች አሳንሼ ሳልኩ። አሥር ሜትር ኮንቬየር (ዕቃ ተሸክሞ የሚጓዝ ቀበቶ)፣ በግራና በቀኝ የሚቆሙ ለቃሚዎች፣ መጨረሻ ላይ መጭመቂያ። ቦታው እንዲመች ተዳፋቱን በአፈር ሞልተን ጠፍጣፋ አደረግነው። ዛሬ ሳስበው ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ተፈጥሮ በነፃ የሰጠችንን አራት ሜትር ቁልቁለት ገንዘብ ከፍለን ቀበርነው።

ጊርቦክሱን ከሶማሌ ተራ ገዛን። ቀሪውን ብረት ቤት አስበየድነው። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አስነሳነው። አምስት ሰዓት ሳይሞላ ቆመ።

ያቆመው ገረባ ነው። የጫት እንጨቱ ቀጭን፣ ጠንካራና የሚታጠፍ ነው። ከፌስታል ጋር ተጋምዶ የኮንቬየሩ ጥቅል ላይ እንደ ገመድ ተጠመጠመ። አንዲት እናት ቢላ ይዘው መጥተው ተንበርክከው መቁረጥ ጀመሩ። በሃምሳዎቹ አጋማሽ ላይ ናቸው፤ በዚህ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ኖረዋል። እየቆረጡ ሳለ መብራቱም ጠፋ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እርጥቡን ሳትለይ ደረቁን ማዳን አትችልም። ሽሮ ውስጥ ያደረ ካርቶን በማሽን ቢሄድ በጋሪ ያው ሽሮ ነው።»

«እሺ እማማ፣ እርስዎ ቢሆኑ ከየት ይጀምራሉ?» አልኳቸው።

«መጀመሪያ እየን» አሉ።

አራት ቀን ሸራው አጠገብ

አራት ቀን ከጠዋት እስከ ማታ አጠገባቸው ተቀምጬ ጻፍኩ። ከዚህ ጉዳይ አንድ ነገር ብቻ ውሰዱ ብባል ይህን አራት ቀን ነው የማስወስደው።

እማማ ማዳበሪያውን ከታች ጫፉ ይዘው ይገለብጣሉ። ወዲያው አይለቅሙም። ሸራውን በሁለት እጃቸው ሁለት ጊዜ ያራግባሉ። አመድ፣ የቡና አተላና የምስር ፍሬ የሚያህለው ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል፤ ትልልቁ ከላይ ይቀራል። ከዚያ ፌስታሉን ያነሳሉ፤ ነፋስ ካለ ራሱ ጥግ ይሄድላቸዋል። ሃይላንዱን ሲያነሱ አንዴ ነቅነቅ ያደርጉታል። ውሃ ካለበት ክዳኑን ከፍተው ያፈሳሉ፣ በእግራቸው ይረግጡታል። የመጨረሻውን ድብልቅ ደግሞ አይጥሉትም። ወደ ሸራው መልሰው ሁለተኛ ያራግቡታል።

እያየሁ የመጣብኝ የእናቴ ሰፌድ ነው። ገብስ ሲበጠር፣ ምስር ሲለቀም ያደግንበት እንቅስቃሴ። እማማ የሚሠሩት ሥራ ስም አለው፤ ማንገዋለልና ማበጠር ነው። ማሽኑ መምሰል የነበረበት ይህን ነው።

አውድማና ወንዝ

አፈሩን መልሰን አወጣን። ሁለተኛው ንድፍ ቁልቁለቱን ይዞ ተነሳ።

ወንዝ ሲወርድ ጉልበቱ በደከመበት ቦታ ሁሉ አንድ ነገር ይጥላል። መጀመሪያ ድንጋዩን፣ ቀጥሎ ጠጠሩን፣ ከዚያ አሸዋውን፣ መጨረሻ ላይ ጭቃውን። የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎችም ተዳፋት ላይ የሚተከሉት ለዚሁ ነው፤ ቡናው በውሃና በቁልቁለት እየሄደ ከባዱ ከተንሳፋፊው ይለያል። እኛም ቆሻሻው ከላይኛው መንገድ ገብቶ በራሱ ክብደት እየወረደ በየደረጃው የሚበቃውን እንዲጥል አደረግን።

አንደኛው ደረጃ የሚዞር ወንፊት ነው። ከቶንዲኖና ከሽቦ የተሠራ፣ ትንሽ ዘንበል ያለ፣ ቀዳዳው አምስት ሳንቲ ሜትር። እርጥቡና ደቃቁ በቀዳዳው ይወድቃል፤ ሃይላንዱ፣ ካርቶኑና ፌስታሉ ወደ ፊት ይቀጥላል። ገረባው እዚህም አስቸግሮን ነበር። ወንፊቱ ውስጥ አጫጭር ብረቶች ስናስበይድ እንጨቱ መጠምጠሙን ትቶ እየተነሳ መውደቅ ጀመረ። መብራት ሲጠፋ ወንፊቱ በእጅ ይዞራል፤ ሁለት ሰው ይበቃዋል።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። ገበሬ በአውድማ ላይ በላይዳ ወደ ላይ ሲያዘራ ገለባው ይሄዳል፣ ፍሬው እግሩ ሥር ይወድቃል። እኛ ነፋሱን ከፋን አገኘነው። ከወንፊቱ የሚወጣው ነገር ሲወድቅ ከጎን ይነፍስበታል፤ ፌስታልና ስስ ወረቀት ወደ መረቡ ይሄዳል፣ ከባዱ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የነፋሱን ኃይል ለማስተካከል ሁለት ሳምንት ፈጀብን። ሲበዛ የተረገጠውንም ሃይላንድ ይወስደዋል፤ ሲያንስ ፌስታሉ ይቀራል። በመጨረሻ የፋኑን አፍ የሚከፍትና የሚዘጋ አንድ የቆርቆሮ መዝጊያ አደረግንለት። ፋኑ ላይ የምትሠራው አባል እንደ ቀኑ ሁኔታ ታስተካክለዋለች።

ውሃ የያዘ ሃይላንድ ግን ምንም ብናደርግ ከድንጋይ ጋር ነው የሚወድቀው። ይህን ማሽን አልፈታውም። የፈታው ከየቤቱ የሚሰበስቡት ልጆች ክዳኑን ከፍተው እዚያው ማፍሰስ መጀመራቸው ነው።

ከላም ሆድ የተማርነው

ላም ስትበላ ሳሩን በደንብ ሳታላምጥ ነው የምትውጠው። ከዚያ ተኝታ ታመሰኳለች። የደቀቀው ወደ ቀጣዩ ክፍል ያልፋል፤ ያልደቀቀው እንደገና ወደ አፍ ይመለሳል። እማማ ድብልቁን መልሰው ሸራ ላይ ማድረጋቸው ይኸው ነው። ስለዚህ በመስመሩ መጨረሻ ላይ የቀረውን በጋሪ ወደ ላይ መልሰን እንደገና እናሳልፋለን። በሁለተኛው ዙር የሚገኘው ጥቂት ነው፣ ግን ንፁህ ነው። ሦስተኛ ዙር ሞክረን ተውነው፤ ለድካሙ አልከፈለም።

የላም ሆድ ሌላም ነገር አስተማረን። ላም ሚስማር ወይም ሽቦ ብትውጥ ብረቱ ከክብደቱ የተነሳ ከፊት ያለው ትንሹ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፣ ሊወጋትም ይችላል። የእንስሳት ሐኪሞች አንዳንዴ ማግኔት ያስውጧታል፤ ማግኔቱ እዚያው ተቀምጦ ብረቱን ይይዛል። እኛም ከአሮጌ ስፒከር የወጡ ማግኔቶች ከምናለሽ ተራ ገዝተን ከወንፊቱ ሥር፣ እርጥቡ በሚወድቅበት አፍ ላይ ደረደርናቸው። ቆርኪና ሚስማር ይይዛሉ። ከጠበቅነው በላይ የጠቀሙን ግን ለሌላ ነው። የባትሪ ድንጋይ ውጪው ብዙ ጊዜ ብረት ስለሆነ እሱንም ይይዛሉ። ባትሪ ከብስባሽ ጋር መቀላቀል የለበትም። አሁን ለብቻው በጀሪካን ይከማቻል።

አተላና ካሉንድቦርግ

ዴንማርክ ውስጥ ካሉንድቦርግ የምትባል ከተማ አለች። ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነዳጅ ማጣሪያው ትርፍ ጋዝ ለጂፕሰም ሰሌዳ ፋብሪካው ይሄድ ጀመር። በኋላ የኃይል ማመንጫው እንፋሎት ለመድኃኒት ፋብሪካው፣ ጭሱ ሲጣራ የሚገኘው ጂፕሰም ደግሞ ለሰሌዳ ፋብሪካው ተላለፈ። የአንዱ ትርፍ የሌላው ግብዓት ሆነ። ጎረቤት ከጎረቤት እየተዋዋለ አደገ እንጂ በአንድ ትልቅ ዕቅድ አልተሠራም።

ይህን ለማህበሩ ሳስረዳ አንዷ አባል «አተላ ማለትህ ነው?» አለችኝ። በትክክል! ጠላ ጠማቂዋ አተላውን ለከብት አርቢው ትሸጣለች። ከዘይት መጭመቂያው ፋጉሎ፣ ከዱቄት ፋብሪካው ፍሩሽካ ይወጣል፤ ሁለቱም ለከብት ነው። አገራችን ይህን ታውቀዋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በስብሰባ ላይ «የዚህ ነገር አተላ ማን ይወስደዋል?» የሚለው ጥያቄ ቋሚ ሆነ።

በዚህ ጥያቄ ንድፉን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያ አነበብነው። ገዢ የሌለው ነገር የራሱ ሳጥን አይኖረውም። የዘይት ጀሪካን ሳይፈጭ እንዳለ የሚገዛው ሰው አለ፤ ስለዚህ አይጨመቅም። ጠርሙስ ሳይሰበር ይሸጣል፤ ስለዚህ ወንፊቱ ውስጥ ሳይገባ በእጅ ይወጣል። ዘጠኝ የነበሩት ሳጥኖች አምስት ሆኑ፣ ቦታም ተረፈ።

ብስባሹና የፋሲካ ሳምንት

እርጥቡን ለማበስበስ አንድ ሜትር ከፍታ ያላቸው ክምሮች ሠራን። ከዚያ ካነሰ በአዲስ አበባ ሌሊት ብርድ ሙቀቱን አይዝም። በደንብ የተሠራ ክምር ውስጡ ከ55 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ይህ ሙቀት የአረም ዘርና በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ይገድላል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ጥሩ ሄዱ።

ከዚያ ፋሲካ መጣ። በሁለት ቀን ውስጥ የገባውን አልረሳውም። የዶሮ ላባና ሆድ ዕቃ፣ የበግ አንጀት፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ ከየቤቱ የተጠረገ ቄጠማ። ሁሉንም ወደ ክምሩ ጨመርነው። በአራተኛው ቀን ሽታው መንገድ ተሻግሮ ተሰማ። አንድ ጎረቤት ጋሼ መጡ። አልተቆጡም። «ልጆች፣ ቤቴ ለቅሶ አለ፣ ድንኳን ውስጥ ሰው ተቀምጧል» አሉን። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን ጥቂት ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነበር። ሥጋና አረንጓዴ ሣር ናይትሮጅን የበዛባቸው ናቸው፤ እርጥበቱ ደግሞ አየር አሳጣው። ጥሩ ክምር ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ይፈልጋል። ካርቦኑ የሚገኘው ከደረቅ ነገር ነው። በዚያው ቀን በአካባቢው ካሉ የእንጨት ሥራ ቤቶች ሰጋቱራ ለመንን። ደስ ብሏቸው ሰጡን፣ ለእነሱም መጣያ ነበር። ክምሩን አፍርሰን ከሰጋቱራና ከተቆራረጠ ገረባ ጋር አደባለቅነው። ሽታው በሦስት ቀን ጠፋ። ማሽኑን ያቆመው ገረባ እዚህ መድኃኒት ሆነ፤ እንጨቱ በክምሩ ውስጥ አየር ይይዛል።

አሁን ከየበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀድመን ሰጋቱራ እናከማቻለን። እርጥበቱን የምንለካው በእጅ ነው። እፍኝ አንስቶ መጭመቅ፤ ጠብ ጠብ ካለ በቂ ነው፣ ከፈሰሰ በዝቷል። ከክምሩ ሥር የሚወጣውን ውሃ መልሰን እላዩ ላይ እናፈሳለን።

የመጀመሪያው ብስባሽ ገዢ ችግኝ ሻጭ ነበር። ሁለት ማዳበሪያ ወስዶ አንዱን መለሰ፤ የጠርሙስ ስባሪ አግኝቶበታል። ጠርሙስ ቀድሞ በእጅ ይውጣ የሚለው ሕግ የጸናው ከዚያ ወዲህ ነው።

ያልተሳካልን

ሃይላንድ አጥቦና ፈጭቶ መሸጥ የተሻለ ዋጋ እንደሚያስገኝ እናውቅ ነበር። በግማሽ በርሜል ውሃ ሞከርነው። የጠርሙሱ ፕላስቲክ ከውሃ ይከብዳል፣ ይሰምጣል። ክዳኑ ሌላ ፕላስቲክ ነው፣ ይንሳፈፋል። ሁለቱ በዓይናችን ፊት ሲለያዩ አባላቱ አጨበጨቡ።

ከዚያ ውሃውን አየነው። የለስላሳ ስኳር፣ የመለያ ወረቀት ሙጫ፣ አፈርና የፕላስቲክ ብናኝ የተቀላቀለበት ግራጫ ውሃ ነው። ሦስት ማዝቀጫ ገንዳና አንድ የሸምበቆ መደብ ሠራን። በበጋ ጥሩ ሠራ። ክረምት ሲገባ ግን የጣሪያውና የተዳፋቱ ጎርፍ ገንዳዎቹን ሞልቶ ሁሉንም ይዞ ወደ ግንፍሌ ወረደ። በተጨማሪ ሙጫው በደንብ እንዲለቅ ሙቅ ውሃና ኮስቲክ ሶዳ ያስፈልጋል። ወንዝ ዳር፣ መንደር መሃል፣ ያንን መያዝ የለብንም። እጥበቱን አቆምነው። ሃይላንዱን ክዳኑን ለይተን፣ ጨምቀን፣ አስረን እንሸጣለን። ማጠቡ በቂ ማጣሪያ ላለው ፋብሪካ ይቅር።

ሌላው ያልተሳካው ለየቤቱ ሁለት ዓይነት ቀለም ያለው ማዳበሪያ ማደላችን ነው። ማዳበሪያው ጤፍ ማስቀመጫ ሆነ። ሰው ቤት ባዶ ማዳበሪያ ሲገባ እንዲህ መሆኑን መገመት ነበረብን።

ወደ ሌላ ቦታ የሚሻገረው

ማዳበሪያው ሲከሽፍ ቀኑን ለየነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እርጥብ፤ ቅዳሜ ደረቅ ብቻ። ይህ ከማሽኑ ሁሉ በላይ ለውጥ አመጣ። ካርቶኑ ደረቀ፣ ገዢው በግምት መቀነሱን ተወ። ሌላ ማህበር ቢጠይቀኝ ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ለሁለት ወር የመሰብሰቢያ ቀን እንዲለይ እመክረዋለሁ። ምንም አያስወጣም።

ቦታው ተዳፋት ከሆነ አይደልደል። ጠፍጣፋ ከሆነ ደግሞ ከፍ ያለ መግቢያ መሥራት ኮንቬየር ከመግዛት ይረክሳል።

ማሽን የሚያስፈልገው ክብደት፣ ነፋስና ቁልቁለት መሥራት ያልቻሉት ቦታ ላይ ነው። እኛ ጋ እሱ መጭመቂያው ነው፣ ፋኑ ነው፣ ወንፊቱን ማዞሪያው ነው፣ ሌላ የለም። መብራት የጠፋ ቀን ነፋሱ ቢቀርም መለየቱ አይቆምም።

ከቆራሌው ጋር መፎካከርም አያስፈልግም። እኛ መጀመሪያ ተሳስተን ብረት ከየቤቱ ልንገዛ ሞክረን ነበር፤ ዋጋውን ከፍ አድርጎ አሸነፈን። አሁን በማግኔቱ የተያዘውን ቆርኪና ሚስማር በወር አንዴ መጥቶ ይገዛናል።

የሥራው ባለሙያ ማን እንደሆነ ቀድሞ ማወቅ ግን ከሁሉ ይቀድማል። እኔ ዲግሪ ይዤ ሄጄ ሃያ ዓመት የሠሩትን ሰዎች ሳልጠይቅ ሳልኩ። አሁን ውሉ ላይ የመጀመሪያው አንቀጽ ያደረግሁት የምልከታ ቀናትን ነው፤ ለሚታዘበውም ለሚታየውም ክፍያ አለው።

አሁን ያለበት

ጣቢያው ሥራ ላይ ነው። እማማ ወንፊቱ ላይ አይቆሙም፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። በታችኛው ደረጃ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ከሌላ ማህበር የመጡ ሁለት ወጣቶችን ያሠለጥናሉ። ጎረቤቱ ጋሼ ለጓሯቸው ጎመን ብስባሽ ይወስዳሉ፤ እንዲከፍሉ አንጠይቃቸውም።

የቀረው የጎርፉ ነገር ነው። የጣሪያው ውሃ ከተዳፋቱ ውሃ ሳይቀላቀል ወደ በርሜል የሚገባበት ቦይ ተስሏል፤ አባላቱም ተስማምተውበታል። ከሰኔ በፊት መቆፈር አለበት።